ፍተሻና ገላጋዮቿ

በፋብሪካው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢኖር የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ "ፍተሻ" ይላታል፤ ያውም ፊት ለፊት ሳይሆን በሩን አልፎ ከራቀ በኋላ። በልብስ ስፌት ፋብሪካው የሴቶች መውጫ ላይ ቆማ፣ ከፈረቃ የሚወጣውን ሴት ሁሉ ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት ትዳብሳለች። "ክንድሽን አንሺ" ትላለች፣ ስትጨርስ "እለፊ" ትላለች፣ ሌላ ነገር ከአፏ አይወጣም። እንደምን ዋሉ የሚሏትን የበለጠ ትፈትሻቸዋለች። በእሷ ቤት ሰው ሁሉ እስኪፈተሽ ድረስ ሌባ ነው፤ ከተፈተሸ በኋላም ያልተያዘ ሌባ ነው።

ጎበዝ ፈታሽ እንደነበረች ግን ጠላቶቿም አይክዱም፤ ጠላት ደግሞ ሞልቷት ነበር። ጣቶቿ ዓይን ነበራቸው። ጡት መያዣ ውስጥ የተጠቀለለ ዚፕ፣ ሹሩባ ሥር የተሸጎጠ አዝራር፣ ጫማ ውስጥ የተነጠፈ ገበር ሁሉ ያገኛሉ። ያገኘችውን ነገር በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ለሰልፉ ታሳያለች፤ ሴቲቱ እያለቀሰች ስትለምናት እሷ ቀጣይዋን "ክንድሽን አንሺ" ትላለች። ልብ አልፈጠረባትም ይሏታል። ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።

ከሰልፉ መሃል አንዲት ሴት ስትመጣ ደግሞ ፍተሻ እንደ አዲስ ትነሳለች። ይህቺ ሴት የሸሚዝ ኮሌታ የምትሰፋ ናትና "ኮሌታ" ትባላለች። ሌላውን አንዴ የምትዳብሰው ፍተሻ እሷን ደጋግማ ትዳብሳታለች፤ የቦርሳዋን ገበር ትገለብጣለች፣ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፍታ ታሸታለች።

"ምን ይዘሻል?"

"ድካም ይዣለሁ። ከፈለጉት ይውሰዱት።"

ኮሌታ የባሏ ልጅ ናት። የእንጀራ ልጇ።

ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ "እርስዎ" ነው የምትላት። ጎረቤት ይህን ሲሰማ "ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ አሳደግሽ!" እያለ ያመሰግናት ነበር፤ ፍተሻ ግን በሆዷ ትቃጠላለች። አባቷን "አንተ"፣ የጎረቤቷን አሮጊት "አንቺ"፣ ባለሱቋን "አንቺ" የምትል ልጅ፣ እሷ ጋ ስትደርስ ብቻ "እርስዎ" ማለቷ አክብሮት እንዳልሆነ ገብቷታል። አጥር ነው። ልጅቱ በየቀኑ አንድ ድንጋይ እየጨመረች ያጠረችው አጥር።

እውነቱን እንናገር ካልን ግን መጀመሪያ ድንጋይ ያነሳችው ፍተሻ ናት። መካኒኩ ባሏ ልጁን እጇን ይዞ ወደ ቤት ያስገባት ዕለት፣ "እንደ ልጅሽ እያት" ሲላት፣ "ባዳ ባዳ ነው፤ እስቲ እናያለን" አለችው፤ ልጅቱ እየሰማች። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ትምህርት ቤት ልትሄድ በሩ ላይ ስትደርስ ትፈተሻለች። ስኳር ይዛ ይሆናል፤ ሳሙና ይዛ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? አንድም ቀን ምንም አልተገኘባትም። ሲውል ሲያድር ልጅቱ ማንም ሳያዛት በሩ ጋ ስትደርስ ክንዷን ማንሳት ለመደች። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት፣ ከክፍል ልትወጣ ስትል ክንዷን ወደ ላይ ሰቅላ ቆማ መምህሯን አስደንግጣለች አሉ።

መሃል የሚገባው መካኒኩ ነበር። በዘይት የጠቆረ ቱታውን ሳያወልቅ በሚስቱና በበሩ መካከል ይቆምና "ተያት በቃ፤ የቤት ሰው ናት" ይላል። ገላጋይ ደግሞ ዱላ አያጣውም። ከወዲህ ሚስቱ "አንተ ነህ ያበላሸሃት" ትለዋለች፣ ከወዲያ ልጁ "አንተ ነህ ያመጣሃት" ትለዋለች። እሱ ይስቃል። "እኔኮ ኩሽኔታ ነኝ" ይላል። "ሁለት ብረት እንዳይፋጭ መሃል ገብቼ ተበልቼ የማልቅ።" ሁለቱም አይስቁለትም ነበር።

ልጅቱ አድጋ እዚያው ፋብሪካ ገባች፤ ሥራ ሲጠፋ ሰው ምን ምርጫ አለው? የአባቷ ጉልበት መታመም የጀመረ ጊዜ ታዲያ፣ ማሰሪያ እንዲሆነው ከወለል የተጠረገ ብጣሽ ጨርቅ ይዛ ወጣች። አለቃዋ "ሊጣል ነው፣ ውሰጂው" ብላታለች። ፍተሻ አገኘችው። ከየት አመጣሽው ብላ አልጠየቀችም። ብጣሹን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ከሰልፉ ፊት ከፍ አደረገችው። አለቃይቱም ነገሩ ሲጎላ "ፈቅጄላታለሁ" የምትልበት ወኔ አጣች። ኮሌታ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ክር ለቀማ ላይ ተጣለች፤ ብዙ ቆይታ ወደ ቦታዋ ብትመለስም ያን ቀን አልረሳችውም። ማን ይረሳዋል?

መካኒኩ ሲሞት ኩሽኔታው ተበላ፤ ብረትና ብረት ቀሩ። ኮሌታ አንሶላዋን ጠቅልላ የኪራይ ክፍል ፍለጋ ወጣች። አባቷ በተቀበረ ማግስት፣ ዓይኗ አብጦ፣ የቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመችና ክንዷን አነሳች። ፍተሻም ፈተሸቻት።

ከዚያ በኋላ ነው የፍተሻ እግር ማበጥ የጀመረው። ደም ግፊቷ ለዓመታት ሲበላቸው የኖሩት ኩላሊቶቿ ሁለቱም ሥራ አቆሙ። ከማሽን ጋር ታስራ ደሟን መታጠብ ሆነ ኑሮዋ፤ ከእጥበቱ ስትነሳ እንደተጨመቀ ጨርቅ ትሆናለች። የእናቷ ልጅ፣ "ደሜ ነሽ፣ አጥንቴ ነሽ" እያለ በየበዓሉ የሚስማት ወንድሟ፣ ያንኑ ደሙን ተመርመር ሲባል ስልኩን ዘጋ። ዘመድ የምትለው ይህ ነበር። ሐኪሞቹ ሰጪ ካልተገኘ ሰውነቷ እጥበቱን ብዙ እንደማይችለው ነገሯት።

አንድ ቀን በሰልፉ መሃል ክንዷን ሰቅላ እየተፈተሸች ኮሌታ ጠየቀቻት።

"የደም ዓይነትዎ ምንድን ነው?"

"ምን አገባሽ?"

"ኩላሊት ልሰጥዎ ነው።"

ፍተሻ የምታሾፍባት መሰላት። "እለፊ" አለቻት።

አላሾፈችም። ተመረመረች፤ ይሆናል ተባለ። "አስገድደውሽ ነው?" ብለው ሐኪሞቹ ደጋግመው ጠየቋት፤ "እኔን ማን ያስገድደኛል?" አለች። ከምርመራው ክፍል ሲወጡ በኮሪደሩ ላይ ፍተሻ አላስቻላትም።

"ለምንድን ነው ይሄን የምታደርጊው? ቤቱን ፈልገሽ ከሆነ..."

"ቤቱን ለአይጥ ያውርሱት" አለች ኮሌታ። "እንዳይገላገሉኝ ነው። አባቴን ቀበርኩ፤ እርስዎም ከሞቱ ማንን ልጣላ ነው? ከዛሬ ጀምሮ የትም ቢሄዱ፣ ሽንት ቤት እንኳ ቢገቡ፣ እኔን ይዘው ነው።"

ፍተሻ በዕድሜዋ ብዙ ስድብ ሰምታለች። እንደዚህ ያለ ግን ሰምታ አታውቅም።

ሐኪሙ ነገርን በምሳሌ ካልሆነ ማስረዳት የማይሆንለት ሰው ነበር። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ እነሱ ወንበራቸውን አራርቀው፣ እንዲህ አላቸው። "ሰውነትዎ የራሱ ዘበኞች አሉት። ሥራቸው የቤት ሰውንና ባዳን መለየት ነው። የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባ፣ ባዳ ነው ብለው ዱላቸውን ይዘው ይነሳሉ።"

"ደግ አደረጉ" አለች ፍተሻ።

"ደግ አላደረጉም፤ ኩላሊቷን ይገድሏታል። ስለዚህ መድኃኒት እንሰጣለን። መድኃኒቱ ዱላቸውን ይይዝልናል። ክፋቱ የሁሉንም ዱላ መያዙ ነው፤ እውነተኛው ሌባ፣ ጀርሙ ሲመጣም ባዶ እጃቸውን ያገኛቸዋል።" ከዚያ ወንበሩን ሳብ አደረገ። "ከዘበኞቹ መካከል ግን ጥቂት ሌሎች አሉ። የእነሱ ሥራ መደብደብ አይደለም፤ መገላገል ነው። መሃል ይገቡና ‘ተዉት፣ የቤት ሰው ነው’ ይላሉ።"

ፍተሻ ቀና አለች። ኮሌታም ቀና አለች። ሁለቱም አንድ በዘይት የጠቆረ ቱታ አይተዋል።

ሐኪሙ ቀጠለ። እነዚህን ገላጋይ ሴሎች ከራሷ ደም ውስጥ ለይተው፣ በላቦራቶሪ አራብተው፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ መልሰው በደም ሥሯ ሊሰጧት ይፈልጋሉ። ጥናት ነው፤ ዋስትና የለውም። "ከተሳካ ግን ከመድኃኒቱ ብዛት ቀስ በቀስ ይገላግሉዎታል። መቼና ምን ያህል እንደምንቀንስ የምወስነው እኔ ነኝ።"

"በእኔ ደም ውስጥ ገላጋይ ካገኛችሁ ለእኔም አሳዩኝ" አለች ፍተሻ።

"እኔም ባየው ደስ ይለኛል" አለች ኮሌታ። በሕይወታቸው የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር።

ቋንቋችን ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ጠበኞችን የሚያላቅቀውን ገላጋይ እንለዋለን፤ የወለደችውን ተገላገለች እንላለን፤ ከሚያሰለች ነገር ያመለጠውንም ተገላገለ እንላለን። ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ ሳለ ከፍተሻ ጆሮ የገባው "ይገላግሉዎታል" የምትለው ቃል ብቻ ናት። "ቀስ በቀስ" የሚለውን ነፋስ ወሰደው። "የምወስነው እኔ ነኝ" የሚለውንማ ከመጀመሪያውም አልሰማችውም፤ እሷ በር ላይ ሌላ ሰው ሲወስን ሰምታ አታውቅም።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ኩላሊቷን ከታችኛው ሆዷ በስተቀኝ አስቀመጡላት፤ ወዲያው ሽንት ወረደ፤ ነርሶቹ አጨበጨቡ። ፍተሻ "ባዳዋ" የሚል ስም አወጣችላት። "ባዳዋ እንዴት አደረች?" ሲሏት "ትሠራለች፤ መጤ መጀመሪያ ላይ ሥራ ወዳድ ነው" ትላለች። ገላጋዮቹም በትንሽ ከረጢት መጡ፤ ውሃ ጠብ ያለበት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ በክንዷ ገባ፤ ምንም አልተሰማትም። "ይኸው ነው እንዴ?" አለች።

ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ስልኳ ጠዋትና ማታ ይጮሃል፤ ኮሌታ ናት።

"ዋጡ?"

"ዋጥኩ።"

ጠረቅ። ሌላ ቃል የለም። ደኅና አደሩ የለም፣ ደኅና ይደሩ የለም። አንዳንድ ቀን ፍተሻ ክኒኑን በመዳፏ ይዛ ስልኩ እስኪጮህ ትጠብቃለች፤ ከጠሪዋ በፊት መዋጥ መሸነፍ ይመስላታል።

ክኒኑ ግን እጇን አንቀጠቀጠው። ወደ በሩ ስትመለስ ጭምብል አጥልቃ፣ ጓንት አድርጋ ቆመች፤ ጣቶቿ ሴቶቹ ጎን ላይ ሲያርፉ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገባሉ። አንዷ ተረበኛ ክንዷን እንደሰቀለች "እየፈተሹኝ ነው ወይስ እያሹኝ?" አለቻት፤ ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ስንት ዓመት የታፈነ ሳቅ! ያን ሳምንት አንዲት ሴት ዚፕ በወገቧ ጠምጥማ በእሷ እጅ ሥር አለፈች፤ የውጪው ዘበኛ ያዛት። የጥበቃ ኃላፊው ጠርቶ "እስቲ ውስጥ ቁጭ የምትዪበት ሥራ እንፈልግልሽ" አላት። ለፍተሻ ይህ ማለት ሞት ነው። ከዚያ በር ላይ ከተነሳች ማን ናት? ባሏ የሞተባት፣ ወንድሟ ስልክ የዘጋባት፣ የእንጀራ ልጇን ሥጋ ተሸክማ የምትኖር ሴት ናት።

አሰበችበት። ገላጋዮቹ ገብተዋል አይደል? ገላጋይ መሃል ከገባ በኋላ የዘበኛን ዱላ ይዞ መቆም ለምን ያስፈልጋል? ይገላግሉሻል ተብላለች። እንግዲያው ተገላገለች። ክኒኑን ተወችው።

ኮሌታ ድንገት ቤት መጥታ ክኒኑን እንዳትቆጥርባት ስለፈራች፣ ያልተዋጠውን ማንም በማይፈትሽበት ቦታ ይዛው ትዞር ጀመር፤ ጡት መያዣዋ ውስጥ። ፈታሽን ማን ይፈትሻል? ስልኩ ሲጮህ "ዋጥኩ" ትላለች። ውሸት ጠረኑ ይሸተኛል የምትለው ሴት፣ ራሷ ስትዋሽ ድምጿ እንኳ አልተሰበረም።

ምንም አልሆነችም። ይህ ነው ክፉው ነገር፤ ወዲያው ምንም አለመሆኗ። እንዲያውም እጇ ረጋ። ጣቶቿ ዓይናቸው በራ። ያቺን ተረበኛ ሹሩባዋ ሥር አዝራር አገኘችባትና በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ለሰልፉ አሳየች። ያን ቀን የሳቀ ሰው የለም፤ እሷ ግን በጭምብሏ ውስጥ ሳቀች።

ቀጥሎ ጫማዋ ጠበባት። ፊቷ ነፋ አለ። ሽንቷ ቀነሰ፣ ከሆዷ በታች፣ ባዳዋ ያለችበት ቦታ፣ ይከብዳትና ይሞቃት ጀመር። ብርድ ነው አለች። ጨው ነው አለች። ውስጥ ውስጡን ግን ፈርታ ነበር፤ ፈርታም ለሐኪሙ አልደወለችም፤ ተሳስቻለሁ ማለት አልለመደችማ።

ኮሌታ ሰልፉ ውስጥ ክንዷን እንደሰቀለች ቁልቁል አየች።

"የጫማዎ ማሰሪያ ለምን ተፈታ?"

"ምን አገባሽ?"

ፍተሻ ብብቷን ስትዳብስ ኮሌታ ቀስ ብላ ወደ እጇ ተመለከተች። ከዚያ ሰልፉን ረስታ፣ ሥራዋን ረስታ፣ የፍተሻን የእጅ አንጓ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

"እጅዎ አይንቀጠቀጥም።"

"ተሻለኝ።"

"መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሁሉ ይንቀጠቀጣል ብለውኛል። የእርስዎ ቆሟል።"

"ልቀቂኝ ብያለሁ!"

አለቀቀቻትም። እየጎተተች ወደ ጥበቃው ክፍል አስገባቻትና በሩን በእግሯ ዘጋችው። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

"ክንድሽን አንሺ!"

ፍተሻ ከድንጋጤዋ የተነሳ ክንዷን አነሳች። የደነገጠችው በፍተሻው አልነበረም። "ክንድሽን" ነው ያለቻት። "ክንድዎን" አይደለም። ያ ሁሉ ዓመት ድንጋይ በድንጋይ የታጠረ አጥር በአንዲት ቃል ሲወድቅ ሰማችው፤ ሲወድቅ ደግሞ በራሷ ላይ ነው የወደቀው።

ኮሌታ መፈተሽን ከማን ተማረች? ከብብቷ ጀመረች፣ ወገቧን ዞረች፣ ኪሷን ገለበጠች፣ ምንም አልዘለለችም። ጡት መያዣው ጋ ስትደርስ ቆመች። የክኒኑን እሽግ አንድ በአንድ አወጣችው። አንዱም አልተነካም። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ከፍተሻ ፊት ከፍ አደረገችው።

"ሌባ!" አለቻት። "የኔን ሥጋ ወስደሽ፣ ልትገድይው! ሌላ ሰው በብጣሽ ጨርቅ ስታዋርጂ የኖርሽ ሴት! ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እምቢ ካልሽ በዚህ ሰልፍ መሃል እየጎተትኩ ነው የምወስድሽ።"

ፍተሻ ሄደች። በታክሲው ውስጥ አንዷ በግራ መስኮት፣ አንዷ በቀኝ መስኮት እያየች ሄዱ።

ሐኪሙ ሲሰማ ተቆጣ። "ማን ነው መድኃኒት ያቁሙ ያለዎት?"

"አንተው ነሃ!"

"እኔ?"

"ገላጋዮቹ ይገላግሉሻል አላልከኝም? ተገላገልኩ።"

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ቁጭ አለ። ምሳሌ መውደዱ ምን እንዳመጣበት ገባው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ቃላቱን እየመረጠ ነው የተናገረው። "ገላጋይ ብቻውን መንደር ሙሉ ዱላ ፊት አይቆምም። መድኃኒቱ ዱላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ገላጋዮቹ ያኔ ነው የሚሰሙት። ዱላውን እርስዎ ለቀቁት።" ቀጥሎም በመርፌ ከኩላሊቷ ቅንጣት ወስደው መረመሩ። ውጤቱን ሲነግራት አልጋዋ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ዘበኞቹ ገብተው ኩላሊቷን እየደበደቧት ነው።

"ገላጋዮቹስ?" አለች ፍተሻ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። "ሸሹ?"

"አልሸሹም። ጥቂት ናቸው፤ መሃል ቆመው እያየናቸው ነው።"

"ትተርፋለች?"

"አላውቅም። ጠንካራ መድኃኒት በደም ሥርዎ ጀምረናል። ሽንቱ ከተመለሰ ትተርፋለች፤ ካልተመለሰ ወደ እጥበቱ ነው።" ሊወጣ ሲል ዞረና "አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰሙም?" አለ። ምሳሌ አልተወውም።

ኮሌታ ከሥራ በኋላ እየመጣች አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች። ልታስታምም የመጣች መሳይ ፊት አልነበራትም፤ ቀድማ የምታየው የሽንቱን ከረጢት ነው፣ ሕመምተኛዋን ብትጠይቅም ከዚያ ቀጥሎ ነው።

"ብትሞቺ ይቅርታ አላደርግልሽም" አለቻት።

"ብድንስ?"

"ብትድኚም።"

ፍተሻ ራሷን ነቀነቀች። ይህ ፍትሐዊ ነገር መሰላት። "ጨርቁን አለቃሽ ፈቅዳልሽ እንደነበር አውቃለሁ" አለች። "አባትሽ ያን ሳምንት ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ክንድሽን ስታነሺ ዓይንሽ ይሰድበኛል። ከልጅነትሽ ጀምሮ።"

"ልሰድብሽማ ነው የማነሳው!"

ነርሷ መጥታ "እባካችሁ ሌላ በሽተኛ አለ" አለቻቸው። ኮሌታ ተነስታ ወጣች፤ በማግስቱ ግን ተመለሰች።

ስትመለስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ፍተሻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። መዳፏን ከሆዷ በታች፣ ባዳዋ ባለችበት ላይ አድርጋለች፤ እጇ በመድኃኒቱ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ለብቻዋ ታወራለች።

"ተዉአት" ትላለች። "ተዉአት በቃ። የቤት ሰው ናት።"

ኮሌታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ያን ቃል ከሟች አባቷ ሌላ ማንም ከልቡ ሲለው ሰምታ አታውቅም፤ ከዚህ አፍ ይወጣል ብላማ አልማም አታውቅ። ተናደደች ደግሞ። ለኩላሊት ያገኘችውን ቃል ለልጅ ሳታገኝ ኖረች?

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለች ስትገባ፣ ጮክ ብላ።

ፍተሻ ደንግጣ እጇን ከሆዷ አነሳች። "ከዘበኞቼ ጋር።"

"ሰሙሽ?"

"የኔ ዘበኞች ሲሰሙ ታውቂያለሽ?"

ዘግይተውም ቢሆን ሰሙ። ከረጢቱ መጀመሪያ እርጥብ ሆነ፣ ቀጥሎ ሞላ። ሐኪሙ ጠባሳ እንደቀረ፣ ኩላሊቷ እንደ ድሮዋ እንደማትሆን፣ ግን እንደምትሠራ ነገራቸው። ብዙ ቆይቶ፣ እያንዳንዱን ምርመራ አይቶ፣ ገላጋዮቹም መሃል እንዳሉ አረጋግጦ፣ ከክኒኖቹ አንዱን ራሱ ቀነሰላት። በዚህ ጊዜ ምሳሌ አልተናገረም፤ "ይሄን ብቻ። ሌላውን እንዳይነኩ" አላት፤ እሷንም አስደገማት።

ወደ በሩ ተመለሰች። እጇ አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ተረበኛዋ "እንኳን ደኅና መጡ፤ ወገቤን ይሹልኝ" ስትላት "ክንድሽን አንሺ" አለቻት፤ አልተለወጠችም፣ ማንም ተለወጠች እንዳይል። ገበር ይዛ የተገኘች ሴት ያን ቀንም አልቅሳለች።

የኮሌታ ተራ ደረሰ። ብርድ ያለበት ቀን ነበር። ኮሌታ መጣች፣ ቆመች፣ ክንዷን አነሳች፤ ዓይኗም እንደተለመደው ተሳደበ። ፍተሻ ከብብቷ ጀመረች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንድ ቦታ ነበረ፣ የልጅቱ ግራ ጎን፣ እጇ እዚያ ሲደርስ ዘልሎ የሚያልፈው። ብልህ ሌባ ብትሆን እዚያ ጥቅል ጨርቅ ይዛ ታልፍ ነበር። ዛሬ እጇ አልዘለለም። በሸሚዙ ላይ የጠባሳው መስመር ተሰማት፤ መዳፏ እዚያው ቆመ፣ እየተንቀጠቀጠ።

"ያምሻል?"

ኮሌታ ክንዷን ሽቅብ እንደሰቀለች ቀረች። በዚያ ሁሉ ዓመት ከዚህ እጅ ጋር እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶ አያውቅም።

"ምን አገባሽ?"

"ያገባኛል። አንቺው ነሽ ያስገባሽኝ።"

ከኋላ አንዷ "ኧረ ሰልፉ ይንቀሳቀስ!" ብላ ጮኸች።

"እለፊ" አለች ፍተሻ።

ኮሌታ ክንዷን አወረደች። ቦርሳዋን አነሳች፣ አለፈች፣ ከመዝጊያው ማዶ ስትደርስ ፊቷን ሳታዞር ቆመች።

"ሲበርድ ያመኛል" አለች።

"ታዲያ ልበሺያ!" ብላ ጮኸችባት ፍተሻ።